ሰባት ቤት የሚያስቆጥሩ ስሞች፦ በላስታ የትውልድ ሐረግ እንዴት ይፈለጋል?

ላሊበላ፦ በላስታና በአካባቢው ደጋማ ቀበሌዎች ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ ከጥሎሽና ከድግስ በፊት የሚነሣ ጥያቄ አለ። ጥያቄው “ዘር ተቆጥሯል ወይ?” የሚል ነው። የሁለቱም ወገን አዋቂዎች አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ላይ ይቆጥራሉ። እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚያገናኝ ስም ካልተገኘ ጋብቻው ይፈቀዳል፤ ከተገኘ ግን ነገሩ በዚያው ይቀራል፤ ሽማግሌዎቹም አመስግነው ይመለሳሉ።

ይህ ቆጠራ ለብዙ ዘመን ያለ መዝገብ ሲሠራበት የኖረ ነው። ስሞቹ የሚገኙት በአረጋውያን አእምሮ እንጂ በወረቀት አይደለም። ስለዚህም አንድ ዘር ቆጣሪ ሲያልፍ አብሮት የሚቀበረው የአንድ ሰው ትውስታ ብቻ ሳይሆን የብዙ ቤተሰብ መዝገብ ነው።

ጉዳዩ ከጋብቻም ያልፋል። የእርሻ ይዞታ ሲወረስ፣ የልደት ምዝገባ ሲካሄድ፣ በድርቅና በጦርነት የተለያየ ቤተሰብ ሲፈላለግ፣ በውጭ አገር የተወለደ ልጅ የወላጆቹን አገር ሲጠይቅ ሁሉም የሚጀምረው ከስም ነው። ስም አወጣጡን የሚያውቅ ሰው የትውልድ ሐረጉን ለማግኘት ግማሹን መንገድ ተጓዘ ማለት ይቻላል። የማያውቅ ደግሞ የገዛ አያቱ ስም ፊት ለፊቱ ተጽፎ እያየ ሊያልፈው ይችላል።

ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚንሸራተት ስም

በብዙዎቹ የዓለም አገሮች አንድ ቤተሰብ ለብዙ ትውልድ የሚጋራው ቋሚ ስም አለ። በኢትዮጵያ ግን አንድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም፣ ቀጥሎ በአባቱ፣ ከዚያም በአያቱ ስም ነው። ሁለተኛው ስም የቤተሰብ ስም አይደለም፤ የአባትየው የግል ስም ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትውልድ ስሞቹ አንድ ደረጃ ይንሸራተታሉ።

ለምሳሌ “ምትኩ ደሳለኝ በላይ” የተባለ ሰው “ማስረሻ” የሚል ስም ያወጣለት ልጅ ቢኖረው፣ ልጁ “ማስረሻ ምትኩ ደሳለኝ” ተብሎ ይጠራል። በላይ የሚለው የቅድመ አያት ስም ከወረቀቱ ወረደ ማለት ነው። ማስረሻም ልጅ ሲወልድ የደሳለኝ ስም በተራው ይወርዳል። ማንኛውም መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ ወይም የይዞታ ደብተር የሚይዘው ሦስት ትውልድ ብቻ ነው።

ይህ አሠራር ለፈላጊው ችግርም መፍትሔም አለው። ችግሩ ሁለት የአጎትና የአክስት የልጅ ልጆች በስማቸው ብቻ ዘመድ መሆናቸው አለመታወቁ ነው። መፍትሔው ደግሞ የወረቀቶቹ መያያዝ ነው። የአያት ወረቀት የአያትን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይይዛል። የልጅ ልጅ ወረቀት ደግሞ የራሱን፣ የአባቱንና የዚያኑ አያት ስም ይይዛል። ሁለቱ ወረቀቶች በአያት ስም ላይ ሲጋጠሙ አምስት ትውልድ ያለ ክፍተት ይነበባል። በሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ የቀረ የአያት የግብር ደረሰኝ ወይም የቀበሌ መታወቂያ ስለዚህ ዋጋ አለው።

ሴቶች ሲያገቡ ስማቸውን ወደ ባላቸው ስም አይቀይሩም። አንዲት እናት ሰባ ዓመት በትዳር ብትኖርም የምትጠራው በአባቷ ስም ነው። በመሆኑም የእናትን ስም ያገኘ ሰው የእናትን አባትም አብሮ ያገኛል። ችግሩ ግን የእናት ስም በልጅ ስም ውስጥ ፈጽሞ አለመግባቱ ነው። አባትን ሦስት ትውልድ ድረስ የሚያስታውስ ስም እናትን አንድ ትውልድም አያስታውስም።

ስሙ የሚናገረው ታሪክ

“ስምን መልአክ ያወጣዋል” ይባላል። ሆኖም በሰሜኑ የኢትዮጵያ ክፍል ስም ብዙውን ጊዜ የሚያወጣው ቤተሰቡ የደረሰበት ሐዘን፣ ደስታ ወይም ተስፋ ነው። ይህም የትውልድ ሐረግ ለሚፈልግ ሰው ምልክት ይሆናል።

ምትኩ፣ ካሳ፣ ካሳዬ፣ ፈንታ፣ ተካልኝና ማስረሻ የሚሉት ስሞች ብዙ ጊዜ የሚወጡት ከዚያ በፊት ሞት በቤቱ ካለፈ በኋላ ነው። ሕፃኑ ለሞተው ምትክ፣ ካሳ ወይም ሐዘን ማስረሻ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለ ስም ያጋጠመው ፈላጊ “ከእርሱ በፊት የሞተ ማን ነበር?” ብሎ ቢጠይቅ ማንም ሳያነሣው የቀረ ታላቅ ወንድም፣ እኅት ወይም አያት ሊገኝ ይችላል። ደመላሽ የሚለው ስም የደም ጉዳይ ያለበትን ቤት ሊያመለክት ይችላል። ዘመቻ፣ ጦርነት፣ ስደት፣ ጥጋብና ረኃብም እንዲሁ በስም ውስጥ ተቀምጠው ይገኛሉ።

ስም ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ካሳ የተባለ ሁሉ በሞተ ወንድም ፋንታ አልተወለደም፤ በሚወደድ ሰው ስም የተጠራም ይኖራል። ስሙ ጥያቄ እንዲጠየቅ ያደርጋል እንጂ መልሱን አይሰጥም።

አንድ ሰው፣ ብዙ ስም

የትውልድ ሐረግ ፍለጋን ከምንም በላይ የሚያወሳስበው አንድ ሰው በሕይወት ዘመኑ በተለያዩ ስሞች መጠራቱ ነው።

የመጀመሪያው ወላጆች የሚያወጡት የዓለም ስም ነው። ሁለተኛው የክርስትና ስም ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስትጠመቅ ወልደ ሚካኤል፣ ገብረ መድኅን፣ ወለተ ማርያም፣ አመተ ጊዮርጊስ የሚል ዓይነት ስም ይሰጣል። ይህን ስም የሚያውቁት ቤተሰቡ፣ የክርስትና አባት ወይም እናትና የነፍስ አባት ናቸው። ጎረቤት የሚያውቀው በዓለም ስሙ ነው። ፍትሐትና ተዝካር የሚደረገው ግን በክርስትና ስም ነው። በዚህ ምክንያት አንድ አያት በቤተ ክርስቲያን በአንድ ስም፣ በቀበሌ በሌላ ስም ይታሰባል፤ ልጅ ልጆቹም ሁለት ሰዎች ናቸው ብለው ሊያስቡ ይችላሉ።

በአንዳንድ የገጠር አካባቢዎች ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትገባ አማት የምታወጣላት ስም አለ። ያ ስም በባሏ ወገን ዘንድ መጠሪያዋ ሆኖ ስለሚቀር፣ የአባቷ ቤት ሰዎችና የባሏ ቤት ሰዎች አንዲቱን ሴት በተለያየ ስም ያነሧታል። በእርጅና ዘመን ቆብ የሚደፉ ሰዎችም የምንኩስና ስም ይቀበላሉ። ከዚያ በኋላ በአካባቢው የሚታወቁት እማሆይ ወይም አባ ተብለው ነው።

በቀድሞው ዘመን ደግሞ መኳንንትና ጦረኞች የፈረስ ስም ነበራቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኛው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ተብለው ይታወቁ ነበር። ዛሬ በአንዳንድ ቤተሰብ “አባ እከሌ” ተብሎ የሚጠቀሰው ቅድመ አያት ስሙ ሳይሆን የፈረሱ ስም ሊሆን ይችላል። ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ የሚሉት ማዕረጎችም ብዙ ጊዜ ስሙን ይሸፍኑታል። በአንጻሩ ማዕረጉ ሰውየው ከዘውዱ ሥርዓት መውደቅ በፊት የኖረ መሆኑን ስለሚያሳይ ዘመኑን ለመገመት ይረዳል።

የአክብሮት አጠራርም የራሱ ድርሻ አለው። ልጆች ታላላቆቻቸውን በስማቸው መጥራት ነውር ስለሆነ እምዬ፣ አባባ፣ አያ፣ እትዬ፣ ጋሼ እያሉ ያድጋሉ። ሚስትም ባሏን በስሙ ከመጥራት የምትታቀብበት ቤት ብዙ ነው። በዚህ ጨዋነት መካከል አንድ ወጣት አብራው የኖረችውን የአያቱን ትክክለኛ ስምና የአባቷን ስም ሳያውቅ እርሷን ሊቀብር ይችላል።

የሰባት ቤት ስሌት

ከአባት ጀምሮ ወደ ላይ ሲቆጠር አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያለ ይሄዳል። ከዚያ በላይ ያሉት ትውልዶች አጠራር ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቁጥሩ ግን በየትም አንድ ነው። ማንኛውም ሰው ሁለት ወላጆች፣ 4 አያቶች፣ 8 ቅድመ አያቶች አሉት። በየትውልዱ እጥፍ እየሆነ በሰባተኛው ላይ 128 ይደርሳል። ከመጀመሪያው እስከ ሰባተኛው ያሉት ሲደመሩ 254 ይሆናሉ።

ብዙ ሰው “ሰባት ቤት እቆጥራለሁ” ሲል የሚቆጥረው የአባትን አባት እየተከተለ 7 ወንዶችን ነው። ይህ ከ254ቱ መካከል 7ቱ ብቻ ናቸው። የጋብቻ ቆጠራው እውነተኛ እንዲሆን ግን በእናትም በአባትም፣ በሴት አያትም በወንድ አያትም በኩል መታየት አለበት። የቀድሞ ዘር ቆጣሪዎች የሚደነቁት በዚህ ነበር፤ መንገዱን በሁሉም አቅጣጫ ያውቁታልና።

አንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ተደርጎ ቢሰላ ሰባት ቤት ከ175 እስከ 210 ዓመት ወደ ኋላ ይወስዳል። ይህም ዛሬ የተወለደን ልጅ እስከ ዘመነ መሳፍንት ማብቂያ ያደርሰዋል። ቅዱስ ላሊበላ እስከነገሠበት ዘመን ለመድረስ ግን 800 ዓመት ገደማ፣ ማለትም 30 ያህል ትውልድ ያስፈልጋል። በ30ኛው ትውልድ የቅድመ አያቶች ቦታ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይሆናል። ያን ያህል ሕዝብ በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ አልነበረም። ስለዚህ ተመሳሳይ ሰዎች በብዙ መስመር ተደጋግመው ይመጣሉ፤ የአንድ አካባቢ ሰዎችም ርቀው ሲቆጥሩ እርስ በርስ መዛመዳቸው አይቀርም። የጥንቱ ንጉሥ ዘር መሆን የአንድ ቤት ብቻ ክብር ሊሆን እንደማይችል ከዚህ ስሌት መረዳት ይቻላል።

በነገራችን ላይ የሕጉ ክልከላ ከባህሉ ይጠብባል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በሥጋ ዝምድና ምክንያት የሚከለክለው ወደ ላይና ወደ ታች በሚቆጠሩ ዘመዶች መካከል፣ በወንድምና በእኅት መካከል፣ እንዲሁም ከአክስት ወይም ከአጎት ጋር የሚደረግ ጋብቻን ነው። ሰባት ቤት የሚቆጠረው በሕግ ግዴታ ሳይሆን በማኅበረሰቡ ሥርዓት ነው።

ቆጠራውን ያቆየው ርስት ነበር

የቀድሞ ሰዎች ይህን ያህል ስም ለምን ያዙ? አንዱ መልስ ጋብቻ ነው፤ ሁለተኛውና ጠንካራው መልስ ግን መሬት ነው።

በሰሜኑ የኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል በነበረው የርስት ሥርዓት አንድ ገበሬ መሬት የሚጠይቀው ከአቅኚው አባት መወለዱን በመቁጠር ነበር። ቆጠራው በአባት ብቻ አልነበረም፤ በእናት በኩልም ይቻል ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው በእናቱ እናት በኩል በሌላ ደብር መሬት የመጠየቅ መብት ሊኖረው ይችል ነበር። ክርክር ሲነሣ ትውልዱን ስም በስም ጠርቶ፣ ሽማግሌ አስመስክሮ ማስረዳት ግድ ነበር። “ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ” የሚለው ብሂል ከዚህ ሕይወት የመጣ ነው። የሴት አያቱን ስም የረሳ ሰው መሬት ሊያጣ ይችል ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ሲወጣ ይህ ሥርዓት አበቃ። አዋጁ መሬት አልባ ለነበረውና ለጭሰኛው ትልቅ ለውጥ ነበር። ለትውልድ ቆጠራ ግን ሌላ ውጤት አስከተለ። ከዚያ በኋላ መሬት የሚገኘው በገበሬ ማኅበር አባልነት እንጂ ዘር በመቁጠር ስላልሆነ፣ ልጆችን ቁጭ አድርጎ ስሞችን የማስጠናት ምክንያቱ ላላ። በተለይ የተጎዳው የእናት ወገን ቆጠራ ነው። የአባት ወገን ቢያንስ ለሦስት ትውልድ በስም ውስጥ ይቆያል፤ የእናት ወገን ግን ከርስት ሌላ መጠበቂያ አልነበረውም።

ነገሥታቱም ትውልዳቸውን ቆጥረዋል

የላስታ ምድር በስም አወጣጥ የታወቁ ታሪኮች ያሉት ነው። ቅዱስ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች እንደከበቡትና እናቱም ከዚህ ተነሥታ ስሙን እንዳወጣችለት በትውፊት ይነገራል። ስሙም ከአገው ቋንቋ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይታመናል። ሲነግሥ የተቀበለው ስም ገብረ መስቀል ነው። የጥንቷ ሮሐም በኋላ በስሙ ላሊበላ ተባለች። አንድ ስም ከሰው ወደ ከተማ ሲሸጋገር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ በአገሪቱ ማግኘት ያስቸግራል።

ንጉሡ ራሱ ትውልዱን ቆጥሯል። ዛሬ በኤርትራ በሚገኘው የሐም ደብረ ሊባኖስ ገዳም ወንጌል ላይ በተጻፈ የመሬት ስጦታ ሰነድ ላሊበላ የሞራራ ልጅ፣ የዛንስዩም ልጅ፣ የአስዳ ልጅ ተብሎ ተጠቅሷል። ራሱን ጨምሮ አራት ትውልድ ማለት ነው። በአንጻሩ የዛጔ ነገሥታት ዝርዝሮች በቁጥርም በቅደም ተከተልም ከጽሑፍ ጽሑፍ ይለያያሉ። የነገሥታት ሐረግ እንኳ እንዲህ ከተለያየ፣ የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ሐረግ በሁለት አረጋውያን አፍ ሁለት ዓይነት ቢሆን አያስደንቅም።

የመሬት ስጦታ በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ የሚጻፍበት ምክንያት ነበረው። መጽሐፉ ቅዱስ ስለሆነ ማንም ሊያጠፋው አይደፍርም፤ የምስክሮች ስም ይጻፍበታል፤ ቃሉን የሚያፈርስ እንዲወገዝም ይደረጋል። በዚህ ምክንያት በጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙ ወንጌሎች ከጸሎት መጽሐፍነታቸው በተጨማሪ የአካባቢው መዝገብ ቤት ሆነው አገልግለዋል። የባለ ርስት፣ የአለቃ፣ የዳኛና የምስክር ስም በእነርሱ ውስጥ ይገኛል።

የኋላው ዘመንም ምሳሌ አለው። የላስታና የዋግ ገዥ የነበሩት ዋግሹም ጎበዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በ1871 እ.ኤ.አ. በዐድዋ አቅራቢያ ያሸነፏቸው ካሳ ምርጫም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተባሉ። በወሎ ደግሞ የልጅ ኢያሱ አባት ራስ ሚካኤል፣ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል፣ ከመጠመቃቸው በፊት መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር። በወሎ የአንድ ቤተሰብ ሐረግ ወደ ላይ ሲቆጠር የክርስቲያንና የሙስሊም ስሞች ተፈራርቀው መገኘታቸው ስሕተት ሳይሆን የአካባቢው ታሪክ ነው። ፈላጊው እዚያ ላይ መስመሩ ተቋረጠ ብሎ ማቆም የለበትም።

የካናዳ ፈረንሳዮች ተሞክሮ

ከላስታ እጅግ ርቆ የሚገኝ ሕዝብ ተሞክሮ በዚህ ጉዳይ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይ ወደ ዛሬዋ የካናዳ ግዛት ኩቤክ የተሻገሩ ሰዎች ተወላጆች፣ ዛሬ የመጀመሪያ አባቶቻቸውን እስከ መርከብ መውረጃቸው ድረስ በስም መቁጠር ከሚችሉ ሕዝቦች መካከል ናቸው።

ምክንያቱ የደብር መዝገብ ነው። ካህናቱ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በየደብሩ ይጽፉ ነበር። በጋብቻ መዝገብ ላይ የሙሽራውና የሙሽራዪቱ አባትና እናት ስም ስለሚሰፍር፣ አንዱ ጋብቻ ወደ ቀደመው ጋብቻ ይመራል። ሲፕሪያን ታንጌ የተባሉ ካህን እነዚህን መዝገቦች ሰብስበው ከ1871 እስከ 1890 እ.ኤ.አ. በሰባት ቅጽ የትውልድ መዝገበ ቃላት አሳተሙ። የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲም ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መዝገቦቹን በማያያዝ ላይ የተመሠረተ የሕዝብ ታሪክ ጥናት አካሂዷል።

የእነርሱም ስም ቀላል አልነበረም። ብዙዎቹ ከቤተሰብ ስማቸው ቀጥሎ “ዲ”፣ ማለትም “የሚባለው”፣ የሚል ቃል አስከትለው ሁለተኛ ስም ይይዙ ነበር። በ1665 እ.ኤ.አ. ከካሪኛን ሳሊዬር ክፍለ ጦር ጋር የመጡ ወታደሮች የጦር ስም ነበራቸው፤ ከእነርሱ መካከል በዚያው የቀሩት ያን ስም ለልጆቻቸው አወረሱ። አንዳንዱ ልጅ የቤተሰቡን ስም፣ ወንድሙ ደግሞ የጦር ስሙን ይዞ ስለቀጠለ ዛሬ ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ቤተሰቦች የአንድ አባት ልጆች ሆነው ይገኛሉ። ነገሩ ከፈረስ ስም ጋር ይመሳሰላል። ሴቶችም በመዝገብ ላይ በአባታቸው ቤት ስም ይጻፉ ነበር፤ ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በኩቤክ ሕግ ሴት ካገባች በኋላ በትውልድ ስሟ መጠራቷን ትቀጥላለች። ይህ በላስታ ከጥንት ጀምሮ ያለ ልማድ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የስም አወጣጥ ሳይሆን የመዝገብ ጉዳይ ነው። በላስታ የሚያስታውሰው ሰው ነበር፤ በኩቤክ የሚያስታውሰው ወረቀት ነበር። ወረቀቱም የጻፈው ነገር ቢኖር ጥቂት ነው፦ ስም፣ ቀን፣ ደብር፣ አባት፣ እናት።

መበተንና የወረቀት ስሕተት

የላስታ ቤተሰቦች በአንድ ቦታ ረግተው አልኖሩም። በ1966ና በ1977 ዓ.ም. የተከሠቱት ድርቆች ወሎን ክፉኛ መቱ። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት በተካሄደው የሠፈራ ዘመቻ ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ተወስደዋል። ከእነዚህ መካከል ትልቁ ድርሻ የወሎ ሕዝብ ነበር። ወንድም ከእኅት፣ ልጅ ከወላጅ የተለያየበት ጊዜ ነው። ዛሬ በእነዚያ አካባቢዎች የተወለዱ የልጅ ልጆች ስለ አያቶቻቸው አገር የሚያውቁት አንድ የደብር ስምና ሁለት የሰው ስም ብቻ ሊሆን ይችላል።

የጽሑፍ ምዝገባ በኢትዮጵያ ዘግይቶ ነው የመጣው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም በሕዝቡ ዘንድ ሥር አልያዘም፤ ሰው በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በአዋጁ መሠረት ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻና ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባሉ። የልደት መዝገብ የእናትንም ስም ስለሚይዝ፣ በስም ውስጥ ቦታ ያልነበራት እናት በመዝገብ ቦታ አግኝታለች።

የወረቀት መብዛት ግን አዲስ ችግር አምጥቷል። አንድ ሰው በይዞታ ደብተር በቤት ስሙ፣ በትምህርት ማስረጃ በሌላ ስም፣ በመታወቂያ ደግሞ ፊደሉ በተለየ አጻጻፍ ሊመዘገብ ይችላል። ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ የሚሉት ከቀጣዩ ቃል ጋር አንድ ስም መሆናቸው ተዘንግቶ ሲነጣጠሉ ደግሞ ግማሹ የራስ፣ ግማሹ የአባት ስም ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለ ልዩነት ባለቤቱ በሕይወት እያለ ቀላል ይመስላል። እርሱ ሲሞት ግን ወራሾች “በደብተሩ ላይ ያለውና አባታችን አንድ ሰው ናቸው” ብለው በምስክር ለማስረዳት ይገደዳሉ። ምስክሮቹም ካለፉ ጉዳዩ ይከብዳል።

በውጭ አገር ደግሞ የአባት ወይም የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ በዚያው ይረጋል። አንዱ ወንድም በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም ከተመዘገበ ልጆቻቸው በወረቀት ባዕድ ይሆናሉ። የዘር ቅንጣት ምርመራ ሁለት ሰዎች መዛመዳቸውን ሊያሳይ ይችላል፤ የሚያገናኛቸው አያት ማን እንደነበሩና የት ደብር እንደተቀበሩ ግን አይናገርም። ያን የሚናገረው በጊዜ የተጠየቀ ሽማግሌ ነው።

ፍለጋው ከየት ይጀመራል?

የትውልድ ሐረግ ፍለጋ ከታወቀው ወደማይታወቀው፣ ከቅርብ ወደ ሩቅ ይሄዳል። ከታላቅ ሰው ስም ተነሥቶ ወደ ራስ ለመውረድ መሞከር ብዙውን ጊዜ ወደ ተረት ይወስዳል።

በመጀመሪያ በቤት ያለው ወረቀት ይሰብሰብ። የይዞታ ደብተር፣ የክርስትና የምስክር ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ የዕድርና የሰንበቴ መዝገብ፣ በቤተ መጻሕፍት ፋንታ በዳዊት ሽፋን ውስጥ የተጻፈ የልደት ቀን ሁሉ ይጠቅማል።

ቀጥሎ አረጋውያን ይጠየቁ። ለእያንዳንዱ ሰው ስድስት ነገሮች ቢመዘገቡ በቂ ነው፦ የዓለም ስም፣ የክርስትና ወይም ሌላ መጠሪያ ስም፣ የአባት ስም፣ የእናት ስም ከነአባቷ፣ የተወለደበት ደብር ወይም መንደር፣ የተቀበረበት ቦታ። የሴት አያቶች ጥያቄ ወደ መጨረሻ አይተው፤ ቀድሞ የሚረሳው እርሱ ነውና። የአረጋውያኑ ድምፅ ፈቃዳቸው ተጠይቆ በስልክ ቢቀዳ የስሞቹ አነባበብ ጭምር ይጠበቃል። አንዱ የተናገረውን ለሌላው ሳይነግሩ መጠየቅና ሁለቱን ማነጻጸርም ጠቃሚ ነው። ልዩነት ሲገኝ አንዱን መርጦ ሌላውን መሰረዝ ሳይሆን ሁለቱንም ከተናጋሪው ስም ጋር መጻፍ ይሻላል።

ዘመኑን ለማወቅ የወንጌላውያን ዘመን አቆጣጠር ይረዳል። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። አንድ አረጋዊ “ጣሊያን ሲገባ የምድኽ ሕፃን ነበርሁ፤ የተወለድሁትም በዘመነ ሉቃስ ነው” ቢሉ፣ ጦርነቱ የተጀመረው በ1928 ዓ.ም. ስለሆነና 1927 ለ4 ሲካፈል 3 ስለሚተርፍ፣ ልደታቸው በ1927 ዓ.ም. መሆኑ ይታወቃል።

በመጨረሻም የተሰበሰበው ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ይቀመጥ። አንድ ቅጂ በቤት፣ አንድ ቅጂ በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ቢኖር እሳትና ጦርነት ሁለቱን በአንድ ጊዜ አያጠፋቸውም። በወረቀቶች መካከል የስም ልዩነት የተገኘ እንደሆነ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ፣ እንደ ስሕተቱ ዓይነት ወደ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፍርድ ቤት ቀርቦ ማስተካከል ወራሾችን ከክርክር ያድናል።

የገና በዓል ሲደርስ ከየአቅጣጫው ወደ ላሊበላ የሚጓዙ ቤተሰቦች በአንድ ጎጆ ተሰባስበው ያድራሉ። ከየአካባቢው የመጡ የአንድ አያት ልጆች በአንድ ማዕድ የሚቀመጡበት፣ ሽማግሌዎችም ጠያቂ ካገኙ የሚናገሩበት ጊዜ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና የሚሰማ ሰው ነው።